«ልጄ የጠፈር አስተናጋጅ እሆናለሁ አለችኝ»፦ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ክርክር

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የልጄ ትምህርት ቤት አንድ እንግዳ ጋብዞ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሙያ ምርጫ አስነግሮ ነበር። እንግዳው የጠፈር ቱሪዝም የነገ እንጀራ ነው፤ አስተናጋጅ፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ አስጎብኚ ይፈልጋል ብሎ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ሕክምና የሚለውን ቃል አንስታ አታውቅም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ሙያ ለልጆች ማቅረብ አለበት ወይ? እኔ የለበትም ባይ ነኝ። የደሴ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር መጀመሪያ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ አለበት፤ ያውም ጉሙ ከፈቀደ። መንኮራኩሩ ከወዴት መጣ?

የፊዚክስ መምህር፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩ ተረት አይደለም። አሜሪካዊው ዴኒስ ቲቶ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ በሩሲያው ሶዩዝ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ጣቢያ የወጣው ሚያዝያ 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ልጅዎ ገና አልተወለደችም። በዓመቱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ተከተለው። ግብፃዊቷ ሳራ ሳብሪም እ.ኤ.አ. በ2022 ብሉ ኦሪጅን በተባለው የአሜሪካ ድርጅት መንኮራኩር ወጥታ ተመልሳለች። ካይሮ የተማረች ልጅ ከወጣች የደሴዋ የሆጤ ልጅ የማትወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦ መምህር፣ የነገርከኝ ሁሉ ስለ ተሳፋሪ ነው። እኔ የጠየቅሁት ስለ ደመወዝተኛ ነው። ሳራ ሥራ አገኘች ወይስ ሽርሽር ሄደች?

ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኛ መቁጠር እችላለሁ። የጠፈር ጉዞ የሚሸጠው የቨርጂን ጋላክቲክ ድርጅት ትኬት 450 ሺህ ዶላር ነበር። ተሳፋሪው ክብደት አልባ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እኛ ቤት ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር አልቆ ይወርዳል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ላይ 185 ሠራተኞቹን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ዩኒቲ የምትባለዋን መንኮራኩሩንም ሰኔ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ አብርሮ፣ አዲስ እስክሠራ ጠብቁኝ አለ። ደንበኛው በጣት የሚቆጠር ሱቅ ውስጥ ልጄን ተቀጣሪ ላድርጋት?

ነርስ ነኝ፣ ከቧንቧ ውኃ ሰፈር፦ በመሐል ልግባ። ጠፈር ከሚወጡት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ፌስታል የምትይዙ ልጆች አብሽሩ፤ ተስፋ አትቁረጡ።

አስጎብኚ፣ የላሊበላ መንገድ፦ ሁለታችሁም ሽቅብ ብቻ ታያላችሁ። ሰማይን ከታች ሆኖ ማሳየትም ሥራ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታይታለች። እንዲህ ያለ ግርዶሽ ለማየት ከዓለም ዳርቻ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ሆቴል ከዓመት በፊት ይይዛል። ያን ዓመት ኮሮና በሩን ሁሉ ዘግቶት ስለነበር ሲሳያችን አመለጠን። አሁንስ? በኮምቦልቻ አድርገን፣ ባቲንና ሚሌን አልፈን ወደ አፋር ስንወርድ፣ እዚያ ደናክል ውስጥ ፕላኔቶችን የሚያጠኑ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ማርስን ለመረዳት ጨዋማውንና ፍል ውኃውን ሲያጠኑ ኖረዋል። ለእነዚህ ሰዎች መንገድ የሚመራ፣ የከዋክብቱን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚያውቅ ልጅ ስፈልግ አጣሁ። የጠፈር ቱሪዝም ማለት ለእኔ ይህ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ የወረዱት ሰዎች የለበሱትን ልብስ ማን እንደ ሰፋው ታውቃላችሁ? የጡት መያዣና የሴቶች የውስጥ ልብስ ያመርት የነበረው የፕሌይቴክስ እናት ድርጅት ነው። ሰፊዎቹ ሴቶች ከዚያው የስፌት መኪና ተነሥተው ነው 21 ንብርብር ያለውን የጠፈር ልብስ የሰፉት። አንድ ጊዜ በንብርብሮቹ መካከል የተረሳ ስፒል በመገኘቱም ልብሱን በራጅ መፈተሽ ተጀመረ።

የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ፣ ኮምቦልቻ፦ እስካሁን ዝም ብዬ አነብ ነበር። መምህር ስፒሏን ሲያነሡ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ በምሠራበት መስመር መርፌ ሲሰበር መኪናው ይቆማል። ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሥታ ስብርባሪውን በማግኔት ከጠረጴዛው ላይ፣ ከወለሉ፣ ከጨርቁ እጥፋት ትለቅማለች። የለቀመችውን ጫፉን ከወገቡ፣ ወገቡን ከራሱ ገጥማ በወረቀት ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመኪናው ቁጥር ይጻፍበታል። መርፌው ሙሉ ከሆነ አዲስ ይሰጣታል። የሩዝ ፍሬ ግማሽ የምታክል ከጎደለች ግን በዙሪያዋ ያለው ልብስ በሙሉ ተለቅሞ በብረት መፈተሻ ያልፋል። ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ሕፃን አንገቱን እንዳይወጋው ነው። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ «ለአንድ መርፌ!» ይላሉ። በሦስተኛው ወር እነሱ ራሳቸው ሌላውን ሲቆጡ እሰማለሁ።

ታዲያ የጨረቃው ልብስ የተሰፋው በዚሁ ጠባይ ነው። አየር በሌለበት ቦታ ስፌቱ ቢከፈት መልሶ የሚሰፋ የለም። ትልቁ ሙያ ያለው እጅና ዓይን ላይ እንጂ መንኮራኩሩ ላይ አይመስለኝም። ስለዚህ ጋሼ፣ ከእርስዎም ከእንግዳውም አልስማማም። ትምህርት ቤቱ ያቅርብላቸው፤ ግን «ጠፈር» ብሎ አንግሦ ሳይሆን ሥራውን በስሙ እየጠራ ያቅርብ፤ ስፌት፣ ብየዳ፣ የኦክስጅን ቱቦ ጥገና፣ ነርስነት፣ ምግብ ማሸግ። ብሉ ኦሪጅን በአንድ ጊዜ ሲያወጣ የነበረው ቢበዛ 6 ሰው ነው። ምድር ላይ ቀርቶ ብሎኑን የሚያጠብቀው ግን ስንት ነው?

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦ እህቴ፣ የመርፌዋ ነገር ገብቶኛል። ሱቄ ውስጥ ሚዛን የሚሰርቅ ልጅ ሳባርር የምለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያን ልብስ ኮምቦልቻ ላይ ስፉልን የሚል ማን ነው? በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከአጎዋ ስታስወጣን ተራ ሸሚዝ እንኳ ያለ ቀረጥ ማስገባት አቃተን። በሰው ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ሙያ በአንድ ፊርማ ይበጠሳል።

የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ፣ ኮምቦልቻ፦ እሱን ለእኔ አይንገሩኝ። የተበተኑትን ልጆች ስም ዝርዝር የያዝሁት እኔ ነኝ። ከእነሱ መካከል ዛሬ ደሴ አራዳ ላይ ሱቅ ከፍተው የሙሽራ ልብስ የሚሰፉ አሉ፤ እጃቸውን ማንም አልቀማቸውም። ጠፈሩ ቢቀር እጅ ይቀራል። ለአስተናጋጅነቱ ግን ዋስ አልሆንም።

የፊዚክስ መምህር፦ አገራችን ሳተላይት ስታመጥቅም እኮ ሰው ስቆ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ግን ለኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ሥራ ፈጥራለች፤ እንጦጦ ላይ ሆነው የሚቆጣጠሯት እነሱ ነበሩ። ጋሼ፣ ልጅዎ ሒሳቧ እንዴት ነው?

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦ ሒሳቧ ከእኔ ይሻላል፤ ብድር የወሰደብኝን ሁሉ በቃሏ ታውቃለች። አሳቤን ግን አልቀየርሁም፤ እንግዳው ደመወዙን ሳይነግራት አስተናጋጅ ብሎ ማስጎምጀቱ ትክክል አልነበረም። እህቴ፣ ያንን የመርፌ ወረቀት ለማየት ቅዳሜ ይዣት ልውረድ?

የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ፣ ኮምቦልቻ፦ ፋብሪካው ለጎብኚ ፈቃድ ይፈልጋል። እሑድ ቤቴ አምጧት፤ የራሴ ሲንጀር የስፌት መኪና አለችኝ።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦ አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። በእግር የሚረገጥ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብለህ ጠይቅልኝ ትላለች።