የተጠራቀመ ፌስታል ምን ልሥራበት?

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ቤቴ በፌስታል ተሞልቷል። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ስመለስ ቲማቲሙ በአንዱ፣ ሽንኩርቱ በሌላው፣ ቃሪያዋ እንኳን የራሷ ፌስታል አላት። እናቴ ደግሞ ፌስታል አታስጥልም፣ አጣጥፋ ፍራሽ ስር ትከታለች። የወጥ ቤቱ መሳቢያ አልዘጋ ብሏል። ከበሩ ጀርባም አንድ ትልቅ ፌስታል ተንጠልጥሏል፣ ሌሎቹን ሁሉ ውጦ (ይሄ የሌለበት ቤት ካለ ንገሩኝ)። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ዘንቢል ይዤ ነው የምወጣው፣ አዲስ አልቀበልም። ያለውን ግን ምን ላድርገው? ብጥለው ነፋስ ይወስደውና ቀሃ ወንዝ ይገባል። የቆሻሻ መያዣ አድርጊው እንዳትሉኝ፣ እሱን ማንም ያውቀዋል። ቤት ውስጥ የሚጠቅም ነገር የሠራችሁበት ካላችሁ እስቲ አካፍሉኝ። ኪሮሽ እችላለሁ፣ ለእጅ ሥራም አልሰንፍም።

የአዘዞ ልጅ፦
ምን ያስጨንቅሻል? ከሰል አቀጣጥይበት። መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ቤት በፌስታል ነው ምድጃው የሚነሳው። አንድ ክብሪት ይበቃል።

ባለ ወስፌ፦
አንተ ልጅ፣ ሳንባህን ጠላኸው እንዴ? የፌስታል ጭስ ለማንም አይበጅም፣ ያውም በሩ ተዘግቶ ሕፃን ልጅ በተኛበት ቤት። ቀልጦ ከሰሉ ላይ ሲንጠባጠብ የሚሸተውን ታውቀዋለህ። እህቴ፣ እንዳትሰሚው።

ኪሮሽ ከቻልሽ ስፌት አያቅትሽም። እኔ ሙዳይም ሰፌድም በፌስታል ሰፍቻለሁ። አለላ ማቅለም ሥራው ብዙ ነው፣ ፌስታል ግን ቀለሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ቀዩ አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ ቢጫው አለ። ውስጡ ያው የምናውቀው ሣር ነው፣ አክርማም ይሁን ስንደዶ፣ ያገኘሽውን። ከላይ በአለላው ፋንታ የምትጠመጥሚው ፌስታሉን ነው። የአውራ ጣት ስፋት አድርገሽ በረጅሙ ቁረጪና ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ ራሱ ይሸበሸብና ክር ይመስላል። ከልክ በላይ ከሳብሽው ግን ይበጠሳል፣ እጅሽ ቶሎ ይለምደዋል። ጫፉን በሰያፍ ቁረጪው፣ አለዚያ ወስፌው በበሳው ቀዳዳ አልገባም እያለ ያበሽቅሻል። አንዱ ሲያልቅ ከሌላው ጋር አትቋጥሪ። ቋጠሮው ከላይ ጉብ ብሎ ይታያል። የአሮጌውን ጫፍ ከሣሩ ጋር አስተኝተሽ አዲሱን ከላዩ ጠምጥሚበት፣ እዚያው ይቀበራል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ትኩስ እንጀራም ሆነ ትኩስ ዳቦ አታስቀምጭበት። ለብርቱካን፣ ለነጭ ሽንኩርት፣ ለክርና መርፌ ይሁን። ጥቁር ፌስታል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጣለ ፕላስቲክ ቀልጦ የሚሠራ ስለሆነ ለምግብ ነገር ጨርሶ አላስጠጋውም። ለመሶብማ ሣሩና አለላው ይሻላል፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

የፒያሳዋ፦
ባለ ወስፌ እጅሽ ይባረክ! እኔ በኪሮሽ ነው የምሠራው፣ ከስፌት ይቀላል። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ እጀታውንና የታችኛውን መገጣጠሚያ ቆርጠሽ ታወጫለሽ። የቀረውን በጎን ጠቅልለሽ በአግድም ሦስት ሦስት ሳንቲም ስፋት ስትቆርጪው እያንዳንዱ ቁራጭ ክብ ቀለበት ሆኖ ይዘረጋል፣ ቀለበቶቹን አንዱን በሌላው ውስጥ እያሾለክሽ ስታጠብቂያቸው መጨረሻ የሌለው ክር አገኘሽ ማለት ነው። ጠቅልለሽ እንደ ክር ኳስ አስቀምጪው። የዳንቴል ቀጭን ኪሮሽ ፌስታሉን ይቀደዋል፣ ወፍራሙን ተጠቀሚ። ገበያ ካጣሽ አናጺ ከእንጨት ይቀርጽልሻል።

ከሁሉም የወደድኩት የበር እግር መጥረጊያ ነው። በክረምት የጎንደር ጭቃ ጫማ ላይ ተለጥፎ ሳሎን ሲገባ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ይሄኛው ጭቃውን ይይዛል፣ ውሃ ይደፋበታል፣ ይራገፋል፣ አለቀ። መታጠቢያ ቤት አታንጥፊው ግን፣ ውሃ ስለማይመጥ ያንሸራትታል።

የአዘዞ ልጅ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ ከሰሉን ትቻለሁ 😂 ልጆች ካሉሽ ደግሞ የፌስታል ኳስ አለ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ አጥብቀሽ ጠቅጥቂና ከላይ በገመድ ጥርቅም አድርገሽ እሰሪው። እኛ በዚያ ነው ያደግነው። ገመድም ከፈለግሽ በሦስት በሦስት ጎንጉኚው፣ በጣም ይጠነክራል። ግን ልብስ ማስጫ አታድርጊው። ፀሐይ ሲመታው ይከርርና ይፈረካከሳል፣ አንድ ቀን ነጭ ልብስሽ መሬት ላይ ይጠብቅሻል።

ጓሮ ወዳዱ፦
እኔ ለችግኝ ነው የምጠቀመው። ትንንሾቹን ፌስታሎች አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሞልቼ፣ ከታች ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ በስቼ ቃሪያና ቆስጣ አፈላባቸዋለሁ። ጥላ ስር ደርድሪያቸው። ወደ መሬት ስታዛውሪ ፌስታሉን ቀድደሽ አውጪው። ብዙ ሰው ከነፌስታሉ ይቀብርና ሥሩ ታፍኖ ተክሉ ሲቀጭጭ «ዘሩ ነው» ይላል።

ስለ አዋጁ ካነሳሽ አይቀር፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ በ1999 ዓ.ም. አዋጅም ተደንግጎ ነበር። ማን ሰማ? ከብቱ እየበላው ሆዱ ውስጥ ተቋጥሮ ይሞታል፣ ቦዩ በክረምት ይደፈናል። እና መሥራት የማትችይውን የተቀዳደደውን ቢያንስ ቋጥረሽ ጣዪው፣ ነፋስ እንዳያነሳው።

የማራኪዋ፦
ውይ ተባረኩልኝ! መጥረጊያውን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ባለ ወስፌ፣ አንድ ልጠይቅሽ፦ ሥጋና ዓሣ የተያዘባቸውስ ይሆናሉ? ሽታቸው አይለቅም።

ባለ ወስፌ፦
የሥጋውን ተይው፣ አትልፊበት። የአትክልቱን በሳሙና እጠቢና ገልብጠሽ ጥላ ላይ አስጪው፣ እርጥቡን ካጣጠፍሽው ይሻግታል። ሲደርቅ እንደ ሳምቡሳ በሦስት ማዕዘን አጥፈሽ በቀለም በቀለም ለይተሽ አስቀምጪ። ሣሩ ካስቸገረሽ ንገሪኝ፣ እኔ ጋ የተረፈ አለ።