ለሦስት ደባሎች አንድ ሳሎን፦ የኮንዶሚኒየም ቤታችንን ዕቃ እንዴት እናሟላ?

የአባዶ ተከራይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሦስት ሴቶች ሆነን የካ አባዶ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተናል። አንዷ ነርስ ስትሆን አዘውትራ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ሁለተኛዋ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ መምህርት ነኝ። ውላችን በኪራይ አዋጁ መሠረት ለሁለት ዓመት ተፈርሞ የተመዘገበ በመሆኑ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ተረጋግተን እንኖራለን በሚል እምነት ዕቃ ማሟላት ጀምረናል። እስካሁን ያለን የየራሳችን ፍራሽ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ጥቂት ድስትና ሳህን፣ እንዲሁም ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ረከቦት ነው።

ሳሎኑ በአንድ ወገን 3.20 ሜትር፣ በሌላው 3.80 ሜትር ነው። የመግቢያው፣ የወጥ ቤቱና የመኝታ ቤቶቹ በሮች የሚከፈቱበት ቦታ ሲቀነስ ግን የሚተርፈው ጠባብ ነው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ነው፤ አከራያችን መልካም ሰው ቢሆኑም ግድግዳቸው እንዲበሳሳ አይፈልጉም።

ያልተስማማንበት ጉዳይ መቀመጫው ነው። የባንክ ሠራተኛዋ ገንዘብ አዋጥተን ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ እንግዛ ትላለች። ነርሷ አረቢያን መጅሊስ ይበቃናል ባይ ናት። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ አንዳችን ብታገባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ብትዛወር በጋራ የገዛነው ዕቃ የማን እንደሚሆን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምናጠራቅምበት በርሜልም ያስፈልገናል፤ ቤቱ ግን የዕቃ ማከማቻ እንዲመስል አንፈልግም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም በሙያው የምታውቁ ብትመክሩን ደስ ይለናል።

አናጺው

በእንጨትና በብረት ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ ከልኬት ልጀምር። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት መለካት ያለበት ሳሎኑ ብቻ ሳይሆን የደረጃው ስፋት፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታና የመግቢያው በር ጭምር ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣ ሶፋ አንድ ወጥ ሆኖ ከተሠራ መታጠፊያው ላይ አልዞር ይላል፤ ከዚያ በገመድ ታስሮ በበረንዳ ይግባ ወደሚል ሐሳብ ይኬዳል፤ ይህ ደግሞ ለሶፋውም ሆነ ከሥር ለሚያልፈው ሰው የሚበጅ አይደለም። ስለዚህ የምታሠሩት ትልቅ ዕቃ ሁሉ በቡሎን የሚፈታና የሚገጠም ይሁን፤ ቁም ሳጥንም ቢሆን ተከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል። የጫኝና አውራጅ ዋጋም መኪናው ከመድረሱ በፊት፣ ፎቁ ተነግሮ፣ መቆረጥ አለበት። ዕቃው መሬት ከነካ በኋላ የሚደረግ ድርድር የሚያልቀው በተከራይ ኪሳራ ነው።

ስለ ጥሬ ዕቃው፣ ችፑድ በዋጋ የሚስብ ቢሆንም ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ኤምዲኤፍም በዚህ ረገድ ብዙም አይሻል። ሊሾ በውሃ የሚታጠብ ወለል ስለሆነ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው የዕቃው ክፍል ብረት ቢሆን ይመረጣል። በየሰፈሩ ያለ በያጅ ቀለል ካለ ካሬ ብረት እግርና ክፈፍ ሊሠራላችሁ ይችላል፤ ከላይ ጣውላ ወይም ችፑድ ብታደርጉ ያኔ ችግር የለውም። ያገለገለ ብረትና በር መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ይገኛል፤ ነገር ግን ስትሄዱ ልኬታችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ዓይን የወደደውን ይዞ መመለስ ይመጣል።

አከራያችሁ ግድግዳው አይበሳ ማለታቸው ትክክል ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት የተሠራ በመሆኑ ተራ ፊሸር ክብደት ያለው መደርደሪያ አይሸከምለትም፤ ውሎ አድሮ ከነልስኑ ይዞት ይወርዳል። ከመስኮቱ በላይ ያለው ክፍል ግን ድፍን ኮንክሪት ስለሆነ የመጋረጃ ዘንግ በደንብ ይይዛል። ለዚያ ብቻ ፈቃድ ጠይቁ፤ መደርደሪያው ከወለል የሚነሳ ይሁን።

በርሜሉን በተመለከተ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ። ሦስት በርሜል በአንድ ጥግ መደርደር ግን አልመክርም።

የቀድሞ ደባል

እህቶቼ፣ አናጺው ስለ ዕቃው የተናገሩትን ተቀብዬ ስለ ባለቤትነቱ ልጨምር፤ ምክንያቱም ደባሎችን የሚያጣላው የሶፋው ቅርጽ ሳይሆን ሶፋው የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

የእኔ ምክር ከመኝታ ቤት ውጭ ያለ እያንዳንዱ ትልቅ ዕቃ አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው የሚል ነው። በመዋጮ የተገዛ ማቀዝቀዣ ሲገባ የፍቅር ምልክት ይመስላል፤ አንዷ ስትወጣ ግን ዛሬ ምን ያህል ያወጣል፣ ማን ከማን ይግዛ፣ ያኔ እኔ የበለጠ ከፍዬ ነበር የሚል ክርክር ይዞ ይመጣል። መፍትሔው እናቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ዕቁብ ነው። ሦስታችሁ በየወሩ እኩል ትጥላላችሁ፤ ዕጣው የወጣላት አስቀድማችሁ ከተስማማችሁበት ዝርዝር ውስጥ አንድ ዕቃ በራሷ ስም ትገዛለች፤ ሁላችሁም ትገለገሉበታላችሁ፤ ስትወጣ የራሷን ይዛ ትወጣለች። ለምሳሌ እያንዳንዳችሁ 5,000 ብር ብትጥሉ በወር 15,000 ብር ይሆናል፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ለሦስታችሁም እኩል ደርሷል ማለት ነው። ዝርዝሩን ስታወጡ ግን ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ዕቃዎችን በአንድ ዙር ውስጥ አድርጉ፤ አንዷ ማቀዝቀዣ ገዝታ ሌላዋ መጋረጃ ከገዛች ዕቁቡ ራሱ ቅሬታ ይወልዳል።

በጋራ ይገዛ የምለው ሲወጡ የማያጓጓውን ብቻ ነው፤ የውሃ በርሜል፣ ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ አምፖል፣ የወለል ፕላስቲክ። እነዚህ በቤቱ የሚቀሩ ናቸው ተብሎ ከመጀመሪያው ይታሰብ።

ምጣድ መግዛት ካሰባችሁ ደግሞ ቆም ብላችሁ አስቡበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚሆን በማከፋፈያ ገመድ ሊሰካ አይገባም፤ ከምድጃው ጋር አብሮ ከበራም ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። ሁላችሁም የምትውሉት ሥራ ላይ ከሆነ እንጀራ ገዝቶ መብላት በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ሰፊ ዕቃ ያስቀርላችኋል። መጋገር ግድ ከሆነ በግቢያችሁ ኮሚናል የሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት ክፍት መሆኑን ጠይቁ።

ውል ጻፉ

የዕቁቡን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለበት። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣላት ሴት ዕቃዋን ገዝታ በሁለተኛው ወር ብትወጣስ? በሰፈር ዕቁብ ዋስ የሚጠራው ለዚህ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ዋስ መጥራት ያሳፍራቸው ይሆናል፤ ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ወረቀት ላይ ዙሩ ሳያልቅ የወጣች ሰው ቀሪዋን ትከፍላለች ወይም ዕቃውን ትታ የከፈለችውን ትወስዳለች ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ።

ደረሰኝም በገዢዋ ስም ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው የዕቃው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ይህ ግምት በማስረጃ የሚፈርስ ቢሆንም የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው ዕቃው የእኔ ነው በምትለው ላይ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ማን በእጁ እንዳደረገ መለየቱ ራሱ ቀላል አይደለም።

ከአከራያችሁ ጋር ያላችሁንም አትርሱ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ስለ ቀለምና ስለ መጋረጃ ዘንግ የምትስማሙበትን ግን አዋጁ አይጽፍላችሁም፤ እናንተ ጻፉት፤ የግድግዳውንና የወለሉን ፎቶም አሁኑኑ አንሡ።

የአባዶ ተከራይ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ለሁለቱም አነበብኩላቸው፤ ዕቁቡን ተስማምተንበታል፤ ወረቀቱንም የባንክ ሠራተኛዋ ልታዘጋጅ ነው። እንጀራም መግዛት ይሻለናል ብለናል። የቀሩን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ነርሷ ቀን ስለምትተኛ ብቻዋን አንድ ክፍል ወስዳ ከእኛ የበለጠ ኪራይ ለመክፈል ፈቃደኛ ናት፤ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ግን ድምፁ ይረብሻታል። ሁለተኛ፣ መቀመጫው ላይ አሁንም አልተስማማንም፤ የባንክ ሠራተኛዋ መሬት መቀመጥ ለእንግዳ ክብር አይሆንም ትላለች።

የጁገል ልጅ

እኔ ያደግሁት ሐረር ስለሆነ ይህ ክርክር ለእኔ አዲስ አይደለም። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር የሚባለው፣ ዋና ክፍሉ ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ እንግዳ ያስተናግዳል። ምስጢሩ መቀመጫው ነደባ በሚባሉ ከፍታቸው በሚለያይ መደቦች ከግድግዳው ጋር ተያይዞ መሠራቱ፣ መካከሉም ክፍት መተዉ ነው። ዕቃ የሚቀመጠው ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈሉ መስኮቶች ነው፤ ስፌቱና ሳህኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጌጥም ማከማቻም ይሆናል። በዚያ ቤት መደብ ላይ መቀመጥ ክብር እንጂ ውርደት ሆኖ አያውቅም።

ለእናንተ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ መሬት ላይ የተነጠፈ መጅሊስም ሳሎኑን የሚሞላ ሶፋም ሳይሆን፣ ሁለት ግድግዳ ተከትሎ የሚሄድ ከፍ ያለ መደብ። እንግዳው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያህል ይቀመጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ብርድ ልብስና ሻንጣ ይገባል። ጠረጴዛ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ሦስት የጅማ በርጩማ ግዙ፤ ቡና ሲፈላ መቀመጫ፣ ምግብ ሲቀርብ ማስቀመጫ ይሆናሉ፤ ሥራቸው ሲያልቅ ጥግ ይይዛሉ።

ጌጡን በተመለከተ ግድግዳው ነጭ መሆኑ ዕድል ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ቀለም ከተሰበሰበ ዓይን ማረፊያ ያጣል፤ ስለዚህ አንድ የሚጎላ ነገር ብቻ ምረጡ። እኔ ብሆን ሽሮ ሜዳ ሄጄ ቡልኮ እገዛና መደቡን አለብሰው ነበር፤ ወፍራም ነው፤ የኅዳርን ብርድም ይከላከላል። ስፌቶችን ለመስቀል ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም፤ ከመስኮቱ የመጋረጃ ዘንግ ጎን ተጨማሪ አንድ ቀጭን ዘንግ ታስሮ ስፌት በገመድ ሊወርድበት ይችላል። ረከቦቱን ደግሞ አታንሱት፤ ቦታው ቋሚ ይሁን፤ በጠባብ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚነሳና የሚቀመጥ ዕቃ ነው ቤቱን የሚያዘበራርቀው። አምፖሉ ከጣሪያ የሚወርደው ነጭ መብራት ብቻ ከሆነ ማታ ማታ ሳሎኑ ቢሮ ይመስላል፤ ቢጫማ ብርሃን ያለው አንድ የጥግ መብራት ጨምሩ።

ቀለም የመቀባት ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። የሁለት ዓመት ተከራይ ለሰው ግድግዳ ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

የቀድሞ ደባል

ነርሷ የበለጠ ለመክፈል ፈቃደኛ ከሆነች ልዩነቱን አሁኑኑ በቁጥር ቁረጡት፤ ይኸው ነው። ስለ ድምፁ፣ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ የማትጋራውን ክፍል ስጧት፤ ሁለቱም የሚጋሩ ከሆነ የእሷ ቁም ሳጥን በዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቁም። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ድምፅን በተወሰነ መጠን ያፍናል። የበሩ ሥር ክፍተት በጎማ ይደፈን፤ መጋረጃዋም ወፍራምና ጥቁር ገበር ያለው ይሁን። የእንግዳ ሰዓትን ግን ዕቃ አይፈታውም፤ የተረኝነት መርሐ ግብሯን ወጥ ቤቱ በር ላይ ትለጥፍ።

አናጺው

የጁገል ልጅ ያሉት መደብ ይሠራል፤ ነገር ግን በአንድ ወጥ ሳይሆን በሁለት ቁራጭ አሠሩት። አንዱ ረጅሙን ግድግዳ፣ ሌላው አጭሩን ይከተል፤ እያንዳንዱ ለየብቻ የሚቆም ከሆነ ሁለት ሰው ሁለት ዕጣ ይገዛዋል፣ ደረጃውንም ያለ ችግር ይወጣል፣ ስትለያዩም አንዱ ያለ ሌላው ያገለግላል። ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሌሊት አንድ እንግዳ ያስተኛል። ከፍታው ከነስፖንጁ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ስፖንጁ ጠንካራ ዓይነት ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል። የላይኛው ክዳን አንድ ሰፊ ጣውላ ከሚሆን በሦስት ተከፍሎ በማጠፊያ ይገጠም፤ ከሥር ዕቃ ለማውጣት የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ማስነሣት አያስፈልግም።