የስታርሌት ቱርቦ ሰማያዊ ጭስ፦ ከተርባይኑ ነው ወይስ ከሞተሩ ትንፋሽ?

ሰላም ባለሙያዎች፣ አዳማ ቆማ ለምትታደስ ቶዮታ ስታርሌት መኪና ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ሞተሩ 4ኢ-ኤፍቲኢ፣ 1331 ሲሲ ነው፤ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርባይን) የራሱ ሲቲ9። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚን (ዘንግ የሚዞርበት ለስላሳ ማቀፊያ)፣ የቫልቭ ሲልና የቴስታታ ጋስኬት አዲስ ናቸው፤ ኢንተርኩለሩም (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ማቀዝቀዣው) ከሞተሩ በላይ ተነስቶ ወደ ፊት ዞሯል።

ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ትንሽ ቆይታ ቤንዚን ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፣ መንገድ ላይ ግን ይጠፋል። ኮምፕሬሽኑ በአራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ነው (ከፍታው ንባቡን ትንሽ ያወርደዋል፣ እሱ አያሳስብም)። ካንዴላዎቹ ደረቅ ስለሆኑ ፋሻውን አልጠረጥርም። ወደ ኢንተርኩለር በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ግን ዘይት አለ። የተርባይኑ ዘንግ ወደ ጎን ለአመል ያህል ይወዛወዛል፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አይንቀሳቀስም።

የተርባይኑ የዘይት መመለሻ ላይ ሲሊኮን ተለጥፎ ግማሹን ዘግቶት ተገኘ፤ ተጠርጎ በጋስኬት ብቻ ታሰረ። ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። የዘይት ክዳኑ ሲከፈት አሁንም ትንፋሽ (ከሲሊንደሮቹ ሾልኮ ወደ ታች የሚያልፍ ጋዝ) ይገፋል። ይህን ትንፋሽ የሚያስወጣው ፒሲቪ ቫልቭ አሮጌው ነው።

መጀመሪያ ፒሲቪውን ልቀይር ወይስ ካርትሪጁን (ዘንጉን የያዘውን የተርባይኑን መሃል) ላውርድ? የዘይት መግቢያውን አጥብበው የሚሉም አሉ፤ ሲቲ9 ግን በብሮንዚን እንጂ በኩሽኔታ (በኳሶች) ስለማይዞር ዘይት ያንሰውና ይነክሳል (ዘንጉ ይጣበቃል) ብዬ እሰጋለሁ። የመመለሻው ጋስኬት ሶማሌ ተራ ለብቻው ይሸጣል?