ጥቆማ፦ የቅጥቅጥ አይሱዙ የፊት መስታወት ላልቷል፤ የት ይሠራ? በምን ይሠራ?

ጥያቄ (ባለንብረት፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። መኪናው አይሱዙ ሻንሲ (የታችኛው የብረት አጽም) ላይ እዚሁ አገር ውስጥ ቦዲ የተሠራለት ቅጥቅጥ ነው። የፊት መስታወቱ አንድ ወጥ ሆኖ በጎማ የተያዘ ነው፤ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከውስጥ በመዳፍ ሲገፋ በሹፌሩ በኩል ያለው የታችኛው ማዕዘን ወደ ውጭ ይሄዳል። ኮረኮንች ላይ ይንኳኳል፣ ሲዘንብ ዳሽቦርዱ ላይ ያንጠባጥባል። ሦስት ሐሳብ ቀርቦልኛል፦ ጎማው ሳይነካ ዙሪያውን ሲሊኮን መሙላት፣ ጎማውን መቀየር፣ ወይም ጎማውን ጥሎ እንደ ሃይሩፍ (ቶዮታ ሚኒባስ) በሲካ፣ ማለትም በጠንካራ ማጣበቂያ ማጣበቅ። የትኛው ይሻላል? ወደ የትኛው ባለሙያ ልሂድ?

መልስ (ቦዲ ሠሪ፣ ቃሊቲ)

እባክህ ወንድሜ፣ መስታወቱ ወርዶ መቀመጫው እስኪታይ ድረስ ማንም ሰው ሲሊኮን እንዳያስነካህ። ጎማ ሲያረጅ መስታወት የሚላላው ዙሪያውን ነው። አንድ ማዕዘን ብቻ ሲላላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከመስታወቱ አይደለም፤ መስታወቱ የተቀመጠበት ክፈፍ ተንቀሳቅሷል ወይም ዝጓል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ራስህ ለካ። አንደኛ፣ የኤቲኤም ካርድ በጎማው ከንፈርና በመስታወቱ መካከል እያስገባህ ዙሪያውን ሂድ። ካርዱ ያለ ግፊት ጠልቆ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በኖራ ምልክት አድርግበት። ሁለተኛ፣ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ባዶውን አቁመህ፣ የጎማዎቹን አየር አስተካክለህ፣ የመስታወቱን ክፈፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ በሜትር ለካ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ክፈፉ ተጣሟል። በዚያ ላይ የሚገባ አዲስ ጎማም ሆነ አዲስ መስታወት ዕድሜ አይኖረውም፤ መስታወቱም ከማዕዘኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ክፈፉ ለምን ይጣመማል? የጭነት መኪና ሻንሲ እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በላዩ የተጫነው ቦዲ ግን ግትር ሳጥን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው እንጨት ወይም ጎማ ሲበሰብስና ሲሳሳ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ይላላሉ። ያኔ መንገዱ የሚያመጣው መወዛወዝ በሙሉ ወደ ትልቁ ክፍት ቦታ፣ ማለትም ወደ ፊት መስታወቱ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከስር ገብተህ የፊት ብሎኖቹን እይ። ቀጥሎ የፊቱ ምሰሶ ከወለሉ ጋር የተበየደበትን ቦታ ተመልከት፤ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለና ዝገት ከለበሰ ብየዳው ተከፍቷል።

የካርድ ፈተናው ማዕዘኑ ላይ ብቻ ከገባና የክፈፉ ልኬት ከተለያየ፣ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቦዲ ሠሪ ነው። ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ባለው መስመር የጭነትና የአውቶቡስ ቦዲ የሚሠሩ ጋራዦች አሉ። ስትመርጥ «መስታወቱን ታወርዳላችሁ ወይስ ሳይወርድ ትበይዳላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ሳይወርድ እንበይዳለን ያለህን ተወው፤ የብየዳ ፍንጣሪ መስታወት ላይ ካረፈ አይለቅም፣ ጎማውንም ይበላዋል።

መልስ (መስታወት ገጣሚ፣ መርካቶ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሰው ሁሉ የሚረሳት ሽብልቋን ጎማ ነው። የመስታወት ጎማ ሁለት ክፍል አለው፦ ዋናው ጎማ በአንድ በኩል መስታወቱን፣ በሌላ በኩል የላሜራውን ከንፈር ይነክሳል፤ ሽብልቋ ደግሞ በዋናው ጎማ ጀርባ ባለው ቦይ ገብታ ጎማውን ወደ ሁለቱም ጎን ትወጥረዋለች። ጥብቀቱን የምትሰጠው እሷ ናት። በፀሐይ ስትኮማተር መገጣጠሚያዋ ላይ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይታያል። ዋናው ጎማ ገና ለስላሳ ከሆነና ክፈፉ ካልተጣመመ እሷን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ከሁሉም ርካሹ ጥገናም ይሄው ነው። ዋናው ጎማ ግን ጥፍር የማያስገባ ከሆነ፣ ሲታጠፍም ጥቃቅን ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ አብቅቷል።

ጎማ ስትገዛ ከአሮጌው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠህ ይዘህ ሂድ። ሶማሌ ተራ በሜትር የሚሸጡ አሉ፤ ዓይን ብቻ አይበቃም። የመስታወቱ ቦይ ስፋት (ላሚኔትድ፣ ማለትም በመሃሉ ፕላስቲክ ያለው መስታወት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው)፣ የላሜራው ቦይ ስፋት፣ በሁለቱ ቦዮች መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረት፣ ሦስቱም ከናሙናው ጋር መግጠም አለባቸው። ለአይሱዙ የራሱ ካቢን ተብሎ ተቀርጾ የመጣ ኦሪጅናል ጎማ ለአገር ውስጥ ቦዲ አይሆንም፤ ማዕዘኑም ዙሪያውም ሌላ ነው። ለአንተ ዙሪያው 5.70 ሜትር ስለሆነ ከዋናው 6 ሜትር፣ ከሽብልቋም 6 ሜትር ውሰድ።

ጥቅሉን ፈትተህ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ዘርጋው፤ ተወጥሮ የተጠቀለለ ጎማ ከተገጠመ በኋላ ያጥራል። ስትቆርጠው ከዙሪያው 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር አስረዝመህ ቁረጥና ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃል እየጨመቅህ አስገባው። መገጣጠሚያው የታችኛው ጠርዝ መሃል ላይ ይሁን፤ ማዕዘን ላይ ከሆነ ውጥረቱ ይከፍተዋል። ጫፎቹን ቀጥ አድርገህ በምላጭ ቆርጠህ በሱፐር ግሉ አያይዛቸው።

አገባቡ እንዲህ ነው። ጎማው መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይለብሳል። በላሜራው ቦይ ውስጥ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 7 ሜትር የሚሆን የናይለን ሲባጎ ይዞራል፤ ሁለቱ ጫፎች ከታች መሃል ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። በውሃ የቀጠነ ላርጎ ከንፈሩ ላይ ይቀባል። አንድ ሰው ከውጭ በሁለት መዳፉ ሲገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ወደ መስታወቱ መሃል አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይስባል፤ የጎማው ከንፈር ላሜራውን ተሻግሮ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲቀመጥ ይሰማል። ድምፁ ከተቋረጠ ቁም፤ በጉልበት ከተሳበ ከንፈሩ ይቀደዳል። ግሪስ፣ ናፍጣ ወይም ዘይት የሚቀባ ገጣሚ ካየህ አስቁመው፤ ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል፣ መስታወቱም ለዘለቄታው እየተንሸራተተ ይቀራል። ሽብልቋ የምትገባው በመጨረሻ ነው፤ የራሷ ቀለበት ያለው ማስገቢያ አላት። በካቻቪቴ ብቻ የሚያስገባ ሰው የቦዩን ከንፈር ይቀደዋል።

መልስ (የቀለምና ማጣበቂያ ነጋዴ)

ስለ ዕቃዎቹ እኔ ላነጻጽር።

ኮምጣጤ የሚሸተው ርካሽ ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ጥሩ ነው። ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ባዶ ላሜራ ካገኘ ዝገቱን ያፋጥናል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቅሪቱ ነው፦ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ በኋላ ቀለምም፣ ሲካም፣ ሌላ ሲሊኮንም በደንብ አይዝም። በጎማ ላይ ሲለጠፍ ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ከልክሎ፣ በሌላ በኩል የገባውን ውሃ ደግሞ ውስጥ አስሮ ያስቀራል።

ለጎማ መስታወት ትክክለኛው የማይደርቀው፣ እንደ ማስቲካ ለስላሳ ሆኖ የሚቀረው የቡታይል ማሸጊያ ነው። የሚገባውም በጎማውና በላሜራው መካከል፣ ከዚያም በውጭው የጎማ ከንፈርና በመስታወቱ መካከል በቀጭኑ ነው። ለዚህ ልክ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይበቃል። የተረፈው በትንሽ ነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል።

ፖሊዩረቴን፣ ማለትም ሰው ሁሉ «ሲካ» የሚለው፣ ማሸጊያ ብቻ ሳይሆን ጠንካራ ማጣበቂያ ነው። ጎማ ውስጥ ከተሞላ ጎማውን ከመስታወቱ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ጥገና መስታወቱ ሳይሰበር አይወርድም። ማንኛውንም ፖሊዩረቴን ስትገዛ የማብቂያ ቀኑን አንብብ። ሳይከፈት የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከዚያ ያጥራል። ቱቦውን ስትጫነው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ውስጡ ደርቋል።

መልስ (ቦዲ ሠሪ፣ ቃሊቲ)

በቡታይሉ ላይ ትንሽ ልለይ። አቧራማ መንገድ ለሚሠራ መኪና በውጭው ከንፈር በኩል ቡታይል ብዙ ከተቀባ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራው ደግሞ በጎማውና በመስታወቱ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በላሜራው በኩል ብቻ ማድረግና የውጭውን ለጎማው ጥብቀት መተው ይሻላል እላለሁ።

መልስ (የቀለምና ማጣበቂያ ነጋዴ)

ለገጠር መስመር ልክ ነህ። ከተማ ውስጥ ለሚሠራና ዝናብ ለሚበዛበት ግን ሁለቱንም በኩል አደርጋለሁ፤ በትክክል ከተጠረገ ችግር የለውም።

መልስ (የመስታወት ባለሙያ፣ ተክለሃይማኖት)

ጎማ ጥሎ በሲካ ስለማጣበቅ። ሃይሩፍ ላይ የሚሠራው መኪናው ከፋብሪካ ለዚያ ስለተሠራ ነው። የሃይሩፍ መስታወት ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ጥቁር ቅብ አለው፤ ሥራው ጌጥ አይደለም፣ ማጣበቂያውን ከፀሐይ ይከልላል። ለቅጥቅጥ የሚቆረጠው ጠፍጣፋ ላሚኔትድ ይህ ጥቁር ቅብ የለውም። የአዲስ አበባ ፀሐይ በከፍታው የተነሳ ጠንካራ ነው፤ ጥርት ባለው መስታወት አልፎ ማጣበቂያው መስታወቱን የያዘበትን ገጽ ይመታዋል፣ ቀስ በቀስም ይለቃል። ሁለተኛው ችግር የላሜራው ከንፈር ነው፤ ለጎማ የተሠራ ቀጭን ጠርዝ ለማጣበቂያ የሚሆን ጠፍጣፋ መቀመጫ የለውም።

የግድ ይጣበቅ ካልክ መቀመጫው ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ተደርጎ ይሠራ፤ መስታወቱ በአክቲቬተር (ማጣበቂያው እንዲይዝ በሚያዘጋጅ ፈሳሽ) ይጠረግና ጠርዙ ጥቁር ፕራይመር (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባ ቅብ) ይቀባ፤ ከውጭ መሸፈኛ ይደረግለት። መጠኑ በስሌት ይታወቃል፦ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 14 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ባለሦስት ማዕዘን መስመር በ5.70 ሜትር ዙሪያ 400 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ ወይ አንድ ባለ 600፣ ወይ ሁለት ባለ 300። አንድ ትንሽ ቱቦ ይበቃል ያለህ ገጣሚ የሆነ ቦታ ክፍተት ሊተውልህ ነው። ፖሊዩረቴን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይዘገያል። ቱቦው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሳይሞላ መኪናው አይነሳ። ሲቆምም አንድ መስኮት በትንሹ ይከፈት፤ በር በኃይል ሲዘጋ የውስጡ አየር ያልደረቀውን መስታወት ይገፋዋል።

አዲስ መስታወት የምትገዛ ከሆነ ጠርዙን እይ። ላሚኔትድ ከሆነ በመሃሉ የፕላስቲኩ መስመር ይታያል። ጠርዙ ተሞርዶ ይሁን አይሁን በጣትህ ዳብሰህ አረጋግጥ፤ ካልተሞረደ ስንጥቁ ከዚያ ይነሳል። ልኩም ከክፈፉ በስፋትም በቁመትም የጎማውን ግድግዳ ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ማነስ አለበት። የጎማው ግድግዳ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ መስታወቱ በ10 ያንሳል ማለት ነው።

መልስ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

እዚህ ሞተር ሆም (እንደ ቤት የሚኖርበት መኪና) ያላቸው ወገኖች ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚያነሱ ባጭሩ ልጨምር። ትልቁ ሞተር ሆም እንደ ቅጥቅጡ ነው፤ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተጫነ ቤት ነው፣ የፊቱም ፋይበር ግላስ ነው። መስታወቱ ከታችኛው ማዕዘን ሲወጣ በመጀመሪያ የሚታየው ፋይበር ግላሱን ከብረቱ ጋር የያዙት ብሎኖች ናቸው። መኪናው በማደላደያ ጃኮቹ ላይ ተንጋዶ ቆሞ መስታወት አይገጠም፤ ጃኮቹ ተነስተው በጎማዎቹ ላይ ደልዳላ ቦታ ይቁም። ባለሙያ ስትጠሩ የሞተር ሆም መስታወት ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ትንንሽ አውቶሞቢል ብቻ የሚሠራው ጎማ በሲባጎ ማስገባት ላያውቅ ይችላል።

ጥያቄ (ባለንብረት)

በጣም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ በሁለቱ ልኬቶች መካከል 8 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። ካርዱም በዚያው ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ይገባል። አሁን ቅደም ተከተሉ እንዴት ይሁን?

መልስ (ቦዲ ሠሪ፣ ቃሊቲ)

መስታወቱ ይውረድ፤ ጎማው ተቆርጦ እንጂ ተነቅሎ አይውጣ፣ መስታወቱ እንዳይሰበር። ቀጥሎ የሻንሲው ብሎኖችና የበሰበሰው እንጨት ይቀየር፤ ልዩነቱ በዚህ ብቻ ሊጠብ ይችላል፣ እንደገና ለካ። ከዚያ የምሰሶው ብየዳ። የዛገው ከንፈር የሚያብለጨልጭ ብረት እስኪታይ በሽቦ ብሩሽ ይፋቅ። ቀዳዳ ካለው በነበረው ውፍረት ላሜራ ጫፍ ለጫፍ ይበየድ፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ1.5 ላይ ከተደራረበ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ጎማውም አይቀበለውም። ብየዳው ይሞረድ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ቀለም ይቀባ፣ አንድ ቀን ይደር። ከንፈሩ ላይ ስቱኮ እንዳይደረግ፤ በንዝረት ተፈርፍሮ ጎማው ስር ይቀራል። ከዚያ በኋላ ነው መርካቶ ወደ ገጣሚው የምትሄደው፤ ወይም ገጣሚውን ጋራዡ ድረስ አምጣው።

መልስ (መስታወት ገጣሚ፣ መርካቶ)

ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት በውሃ ይፈተን። ውሃው በላስቲክ ቱቦ ያለ ግፊት ከታችኛው ጠርዝ ይጀምር፤ እዚያ 5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች፣ በመጨረሻ ላይኛው ጠርዝ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የገባበት ቦታ አይለይም። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ በደረቅ ሶፍት ማዕዘኖቹን ይዳብስ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ካርዱን እንደገና አዙርበት፤ ሽብልቋ መገጣጠሚያዋ ላይ ከተከፈተች አጭር ተቆርጣ ነበር ማለት ነው፣ ገጣሚው መልሶ ሊያስተካክልልህ ይገባል።