የልጄ የክትባት ካርድ በውኃ ተበላሸ፤ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?

የሕፃኑ እናት (ጠያቂ)፦ እባካችሁ የሚያውቅ ካለ ፈጥኖ ይንገረኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የልጄን ዕቃ መያዣ ቦርሳ ስዘፈዝፍ በጎን ኪሱ የነበረውን የክትባት ካርድ ሳላወጣው ቀረሁ። ቀለሙ ሁሉ ፈስሶ «ቢሲጂ» የሚለው ጽሑፍና የማኅተሙ ግማሽ ብቻ ነው የሚነበበው። ነገ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የክትባት ቀን ነው። ጎረቤቴ «ካርድ ከሌለሽ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩልሽ» ብላኛለች፤ ያን ሁሉ መርፌ እንደ አዲስ ሊወጋብኝ ነው ብዬ ጭንቅ ይዞኛል።

የሁለት ልጆች አባት፦ ልጁ ስንት ወሩ ነው? እስከ ስንተኛው ቀጠሮ ድረስ ተከትቧል? ይህን ሳይነግሩን ልንረዳዎ አንችልም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ የምትጨነቂበትን ነገር በውል እወቂው። በአገራችን መደበኛው የክትባት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኛ «ፀረ ስድስት» እያልን ያደግንበት ስም የመጣው ያኔ ከሚከላከላቸው ስድስት በሽታዎች ነው። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮ የሚዘጋውን ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታንና ማጅራት ገትር የሚያመጣውን የሂብ ተሕዋስን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት በ1999፣ የሳንባ ምች ክትባት በ2004፣ የሮታ ተቅማጥ ክትባት በ2006 ዓ.ም. ተጨምረዋል። ኩፍኝም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ሆኗል። ስለዚህ ካርድ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ተጠብቆ የሚቀመጥ ሰነድ ነው እንጂ በቦርሳ ኪስ የሚረሳ አይደለም።

የሕፃኑ እናት፦ ይቅርታ፣ 7 ወሩ ነው። እንደተወለደ ክንዱ ላይ ተወግቷል፣ በአፉም ጠብታ ወስዷል። ከዚያ ሁለት ጊዜ በቀጠሮው ሁለቱንም ጭኖቹን ተወግቶ ጠብታም ተሰጥቶታል። ለሦስተኛው ቀጠሮ እናቴ ታማብኝ አገር ቤት ስለነበርኩ አልሄድኩም።

ነርስ ከደሴ፦ እህቴ፣ አሁን የነገሩን ነገር ከካርዱ ይልቅ ይጠቅማል። ክንዱ ላይ የተወጋው የቲቢ መከላከያው ቢሲጂ ነው፤ ጠባሳው ካለ ነገ ያሳዩዋቸው፣ ባይኖርም ሁሉም ሕፃን ጠባሳ ስለማያወጣ አይደንግጡ። በሁለቱም ጭን የተወጋባቸው ሁለቱ ቀናት የ6ኛውና የ10ኛው ሳምንት ቀጠሮዎች ናቸው፤ በአንዱ ጭን ፔንታቫለንት፣ በሌላው የሳንባ ምች መከላከያ፣ በአፍ ደግሞ የፖሊዮና የሮታ ጠብታ ይሰጣል። እንግዲህ የቀረው የ14ኛው ሳምንት ነው፤ ሦስተኛው ፔንታቫለንት፣ ሦስተኛው የሳንባ ምች፣ የፖሊዮ ጠብታና በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ። ቀጠሮ ምንም ያህል ቢያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀመርም። በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ የእርስዎ ልጅ ይህን ካለፈ ቆይቷል።

ካርዱ ቢጠፋም መዝገቡ አለ። የከተበው ጤና ጣቢያ የእያንዳንዱን ሕፃን ስም፣ የእናቱን ስምና የተከተበበትን ቀን በክትባት መዝገብ ይጽፋል። ነገ ማልደው ይሂዱና የልጁን የተወለደበትን ቀንና መጀመሪያ የተከተበበትን ወር ነግረው እንዲፈልጉልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያ ላይ አዲስ ካርድ ይገለበጥልዎታል። የተበላሸውንም ካርድ አይጣሉት፣ ማኅተሙ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ያሳያል።

አበበች፦ ከመጀመሪያ አይጀመርም። የእኔም ልጅ አራት ወር አቋርጦ ካቆመበት ነው የቀጠለው።

የሁለት ልጆች አባት፦ እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ዋናው ችግር ካርዱ አይደለም፣ ሦስት ወር ከግማሽ ላይ መሰጠት የነበረበት ክትባት እስከ ሰባት ወር መዘግየቱ ነው። ክትባቱ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነትና በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ፣ አገር ቤት ሳሉ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ኬላ ቢወስዱት ኖሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትከትበው ነበር።

አበበች፦ ወንድሜ፣ እናቷን ስታስታምም የነበረች ልጅ ናት። ይህን ነገ ከተከተበ በኋላ ብንነግራት ይሻላል።

እማሆይ ከጎንደር፦ ልጆቼ፣ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ 68 ዓመቴ ነው፤ ለእኛ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጥ ክትባት የለም ወይ?

ነርስ ከደሴ፦ እማሆይ፣ መደበኛው መርሐ ግብራችን የሚያተኩረው በሕፃናት፣ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ በሚሰጣቸው ልጃገረዶችና አምስት ጊዜ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በሚወስዱ በመውለድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ነው። ለአረጋውያን የተመደበ ቋሚ ተራ የለውም። የኮቪድ ክትባት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ግን ቅድሚያ ካገኙት መካከል አረጋውያን ነበሩ።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ከ50 ዓመት ጀምሮ የአልማዝ ባለጭራና የሳንባ ምች ክትባት፣ በየዓመቱም የጉንፋን ክትባት ይመከራል። ለጠያቂዋ የምመክራት አዲሱን ካርድ እንደተቀበለች በስልኳ ፎቶ እንድታነሳው ነው። የእኔ ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት ሲገባ የአዲስ አበባውን ካርድ ጠይቀውኛል፤ የዳንነው አያቱ ፎቶውን አስቀምጣው ስለነበር ነው።

የሕፃኑ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገቡ ላይ ስሙ ባይገኝስ?

ነርስ ከደሴ፦ ያን ጊዜ የጽሑፍ ማስረጃ ስለሌለ እንዳልተከተበ ቆጥረው ሊደግሙለት ይችላሉ፤ ፔንታቫለንትም ሆነ ፖሊዮ ቢደገም ልጁን አይጎዳውም፣ ሳይከተብ መቅረቱ ነው የሚያሰጋው። ስለዚህ መዝገቡ አልተገኘም ተብለው ልጁን ሳያስከትቡ እንዳይመለሱ። ከክትባቱ በኋላ ቢያተኩሰው ጡት ደጋግመው ያጥቡት፤ ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር ጀምሮ ስለሚሰጥ እሱንም አብረው ይጠይቁ። የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ቀን ደግሞ ከአሁኑ ጠይቀው ያስጽፉ። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሕፃን የሚሆን ሲሆን፣ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ፣ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ሕፃናቱን በአንድ ቀን ሰብስበው ነው የሚከትቡት። በሌላ ቀን ሄደው በከንቱ እንዳይመለሱ።

አበበች (በማግስቱ)፦ እህቴ፣ መዝገቡ ተገኘልሽ?