በአሮጌ ቤት ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ለማኖር ምን መደረግ አለበት?

የገፈርሳ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ ከገፈርሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ አንድ የጭቃ ቤት አለ። በወረራው ዘመን ቁስለኛ አርበኞችን ያስጠለሉ፣ ከድል በኋላም በዚያው ቤት በረንዳ ላይ የሰፈሩን ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ አባት መኖሪያ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጃቸው ይኖሩበታል፤ ግራና ቀኙ ፎቅ እየተነሣበት ስለሆነ ዕጣው ያሳስበናል። ዕድራችን የነሐስ ሰሌዳ ለማሰቀል ገንዘብ ማዋጣት ጀምሯል። ማንን ማስፈቀድ እንደሚገባን፣ ምን ብለን ብንጽፍ እንደሚሻል፣ ሰሌዳውስ ቤቱን ከመፍረስ ይታደገው እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱን ውለታችሁ ትልቅ ነው። ስማቸው የገነነ አንድ የአርበኞች አለቃም አድረውበታል ይባላል፤ ይህ ከሁሉ በላይ ጎልቶ እንዲጻፍ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው።

መዝገብ አገላባጭ፦
ከሰሌዳው በፊት ምዝገባው ይቅደም። ቦታው አሁን በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ ጉዳዩ የሚመለከተው የአዲስ አበባን ሳይሆን የኦሮሚያን የባህልና ቱሪዝም መዋቅር ነው፤ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። ሰሌዳ ብቻውን ቤት አያድንም። በለንደን ለባለቅኔው ሎርድ ባይረን እ.ኤ.አ. በ1867 ሰሌዳ የተደረገበት ቤት በ1889 ፈርሷል፤ የከተማዋ ሰማያዊ ሰሌዳዎች ዛሬም በራሳቸው የሕግ ከለላ አይሰጡም። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠበቃል፤ ያለ ፈቃድ ማፍረስ ቀርቶ ማደስም አይቻልም። ይህ ግዴታ የሚያርፈው በልጅ ልጃቸው ላይ ነውና፣ ክረምት ገብቶ ጣሪያው ቢያፈስ እንኳ ቆርቆሮ ለመቀየር ደብዳቤ መጻፍ ሊኖርባቸው እንደሚችል አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሯቸው። እሳቸው ሳይስማሙ ዕድሩ ምንም ባይጀምር ይሻላል።

ድንጋይ ጠራቢው፦
ነሐሱን ተዉት፤ ሌሊት ተነቅሎ ለቁራሌው ይሸጣል። የጭቃ ግድግዳም ከባድ ነገር አይሸከምም፤ ምርጊቱ ጭድና ጭቃ ስለሆነ ሚስማሩ ሲላላ ይዞት ይወርዳል፣ በተበሳው በኩልም ውኃ ይገባና ማገሩን ያበሰብሰዋል። ቤቱ የድንጋይ መሠረት ካለው እዚያ ላይ፣ ከሌለውም በአጥሩ በር ምሰሶ ላይ አድርጉት። እብነበረድ ወይም የአምቦ ድንጋይ ይበቃል። ፊደሉ በቀለም ብቻ ከተጻፈ ፀሐይና ዝናብ ስለሚያጠፉት በመሮ ጠልቆ ይቀረጽ። የ«ጸ» እና የ«ጰ»ን የመሳሰሉ ፊደላት ቅርጽ በትንሽ መጠን ሲቀረጽ ስለሚደፈን ጽሑፉ አጭር፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን።

እማሆይ ያሳደጉኝ፦
የአርበኞች አለቃው ነገር በሰነድ ወይም እርስ በርሱ በሚደጋገፍ ምስክርነት ካልተረጋገጠ በድንጋይ ላይ እንዳይሰፍር አጥብቄ እለምናለሁ። ቢረጋገጥ እንኳ በቤቱ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ዕድሜውን የኖረበትን ሰው ስም መሸፈን የለበትም። አካባቢው በታላላቅ ስሞች አልተቸገረም፤ እዚያው ሆለታ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ሆኖ፣ ከዕጩ መኮንኖቹ መካከል በጥቁር አንበሳ ጦር የተሰለፉ አሉ። ቁስለኛ ደብቀው ፊደል ያስቆጠሩት አባት ግን ስማቸው የሚጻፍበት ሌላ ቦታ የላቸውም።

ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፉና «ዓ.ም.» የሚለውን አትርሱ። ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የነገሡበትን ዓመት አንዱ 1882፣ ሌላው 1889 ብሎ ሲጽፍ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጠ ግን አንባቢው ይሳሳታል። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «እገሌ ከዚህ ዓ.ም. እስከዚህ ዓ.ም. በዚህ ቤት ኖሩ። በጠላት ወረራ ዘመን ቁስለኞችን አስጠለሉ፤ ከድል በኋላ ልጆችን አስተማሩ።» በዚያ በረንዳ የተማሩ አዛውንት በሕይወት ካሉ፣ ዕድሩ ድንጋዩን ከማዘዙ በፊት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በስልክ ድምፃቸውን ቅዱ። አንድ ላይ ከተጠየቁ ሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ያለውን ይደግማሉ።