ክርክር፦ በዕድሜ መባረርን ማስረዳት ለምን ይክበድ?

አወያይ፦ ጥያቄው አሜሪካ ላላችሁ ነው። "በዘሬ ተባረርኩ" የሚል ከሳሽ ዘሩ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበረ ካሳየ ያሸንፋል። "በዕድሜዬ" የሚል ግን ዕድሜዬ ባይሆን ኖሮ አልባረርም ነበር ብሎ ማስረዳት አለበት። ስለ ዕድሜው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በ5 ለ 4 ድምፅ እንዲህ ወሰነ። ተገቢ ነው?

የሆቴሉ ሰው፦ በጭራሽ! እኔ በ57 ዓመቴ ነው የተሸኘሁት። አለቃዬ "አዲስ ጉልበት እንፈልጋለን" አለኝ። ወረቀቱ ላይ ግን "በማርፈድ" ተባለ። ሁለት ቀን አርፍጃለሁ፣ አልዋሽም። በዚያች አለቀልኝ?

የኤች አሩ (የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያው)፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ብቸኛው ምክንያት ይሁን አልተባለም። ማርፈዱ ቢኖርም ዕድሜዎ ባይሆን አያባርሩዎትም ነበር ከተባለ ይበቃል። እንደርስዎ ያረፈዱ ወጣቶች ዛሬም እዚያ ይሠራሉ? ካሉ ማስረጃዎ እነሱ ናቸው። ውሳኔው ግን ለእኔ ልክ ነው። ሁላችንም እናረጃለን። ደመወዙ ከፍ ያለ ሠራተኛ በተነሳ ቁጥር በዕድሜው ነው ከተባለ ማን ሠራተኛ ይቀንሳል?

የሜሪላንዷ፦ የወጣቶቹን የሰዓት መዝገብ ማን ያሳየዋል? መዝገቡ ያለው አሠሪው እጅ ነው! መጀመሪያ ክስ መክፈት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ጠበቃ። ሕጉ የከበደውን ሸክም የጫነው ባዶ እጁን በቆመው ላይ ነው።

የኤች አሩ፦ የዘሩም ክስ ቢሆን ሠርግና ምላሽ አይደለም እኮ። አሠሪው "ዘሩን ባናስብም እናባርረው ነበር" ብሎ ካሳመነ ከሳሹ አሸንፎም ካሳ አያገኝም። ቢበዛ የጠበቃ ወጪው ነው የሚከፈለው።

የሜሪላንዷ፦ ቢያንስ "አዎ፣ አድልተውብሃል" ይባላል። ጋሼ ያንንም አያገኙም።

የሆቴሉ ሰው፦ ልጆቼ፣ እኔ ገንዘብ ተቀብዬ "አልከስም" ብዬ ፈርሜያለሁ። የምን ክስ?

የኤች አሩ፦ ማሰቢያ ስንት ቀን ሰጡዎት?

የሆቴሉ ሰው፦ የምን ቀን? እዚያው ቆሜ ነው የፈረምኩት።

የኤች አሩ፦ ኧረ ጋሼ! 40 ዓመት ለሞላው ቢያንስ 21 ቀን ማሰቢያ፣ ከፈረመ በኋላም 7 ቀን መመለሻ ሊሰጠው ግድ ነው። ካልተሰጠዎት በዕድሜ የመክሰስ መብትዎን ፊርማው አይወስደውም። ከወጡ ስንት ጊዜዎ ነው?

የሆቴሉ ሰው፦ አምስት ወር ሊሞላኝ ነው።

የሜሪላንዷ፦ ክርክሩን ተዉት! ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ ማመልከቻ ጊዜው እንደ ስቴቱ 180 ወይም 300 ቀን ነው። ጋሼ፣ ወረቀትዎን ይፈልጉ፣ አሁን እደውላለሁ።